የእስትንፋስ ማኖሪያ በስንት ይሸጣል?

ዋጋ መተመን ለአራዳ ልጅ እንግዳ ሙያ አይደለም። የከተማይቱ ታላቅ ገበያ በአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይውል በነበረበት ዘመን፣ ጣሊያኖች ወደ ምዕራብ አዛውረው የዛሬውን መርካቶ እስኪያቋቁሙ ድረስ፣ ከየአውራጃው የመጣ ሰው ቅቤውንና ማሩን፣ አሞሌውንና ቡናውን እዚህ ዘርግቶ ዋጋ ይቆርጥ ነበር። ገበያው ተነሥቶ ሄደ፤ የመተመን ልማድ ግን ከወርቅ ሠሪዎቹ ጋር ፒያሳ ቀረ።

ወርቅ ሠሪ ሲተምን አይቸኩልም። የቀረበለትን ቀለበት በመፈተኛ ድንጋይ ላይ ይፈትጋል፤ በጭረቱ ላይ አሲድ ጠብ አድርጎ ቀለሙ የሚለወጥ መሆን አለመሆኑን ያያል፤ ከዚያ በኋላ በሚዛን ያኖረዋል። ሲሸጥልን የእጅ ዋጋ ያስከፍለናል፤ መልሶ ሲገዛን ግን ግራሙን እንጂ የእጁን ሥራ አይቆጥርም። ያንኑ ቀለበት ያጠለቀችው ሙሽራ፣ ያጠለቀላት ሙሽራ፣ የጨፈረው ሚዜ፣ ሁሉም ከሚዛኑ ውጪ ናቸው። ይህን ጭካኔ ነው ለማለት አልደፍርም። ሚዛን የተሠራው ለዚሁ ነውና።

ከሚዛን ቀጥሎ ሁለተኛው የትመና መንገድ ምልክት ማንበብ ነው። አባቶቻችን ይገበያዩበት የነበረው የማርትሬዛ ብር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ሲሆን ከ23 ግራም የሚበልጠው ንጹሕ ብር ነው። በላዩ የተጻፈው 1780 ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ በተመታው ብር ሁሉ ላይ ይኸው ዓመት ሳይለወጥ ስለ ታተመ፣ ብሩ መቼ እንደ ተሠራ ከጽሑፉ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ የአገራችን ነጋዴ ዓመቱን ችላ ብሎ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ይቆጥር ነበር። ዓመተ ምሕረቱ እውነት ባይናገርም ብሩ ብር ነው፤ በሐሰተኛው ዓመት ምክንያት የሚጎዳ ሰው የለም።

ዓመተ ምሕረቱ እውነት ካልተናገረ ሰው የሚገድል ዕቃ የገጠመኝ ግን በ2016 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የፒያሳና የአራዳ አሮጌ መንደሮች፣ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ፣ በኮሪደር ልማቱ ሲፈርሱ ነዋሪው ዕቃውን ለሁለት ይከፍል ጀመር፤ አብሮ የሚሄድና የሚሸጥ። ስልሳና ሰባ ዓመት ከአልጋ ሥር፣ ከቆጥ ላይና ከቡፌ ጀርባ የኖረ ነገር ሁሉ ፀሐይ ሞቀው። ስፌት ማሽን፣ ክር የጨረሰ ጃንሆይ ዘመን ምንጣፍ፣ ሸክላ ማጫወቻ፣ ሞልቶ ያላለቀ የፎቶግራፍ አልበም በየደጃፉ ተደረደረ። ገዢም በየደጃፉ ቆመ።

ከጎረቤቶቻችን አንዷ፣ እኔ እማማ እያልሁ ያደግሁባቸው የሰባ ስምንት ዓመት አሮጊት፣ በዚያ ሰሞን አስጠሩኝና ከቡፌው አጠገብ ወደ ቆመው ነገር እያመለከቱ፣ «ልጄ፣ አንተ ተምረሃል፤ ይህ ስንት ያወጣል?» አሉኝ። የተሰጣቸው ቤት ከከተማው ዳር አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዕቃው ይከብዳል፤ የጭነት መኪናውም ኪራይ ይፈልጋል።

ነገሩን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ጠላቂዎች በጀርባቸው ተሸክመው ከባሕር በታች የሚተነፍሱበት የብረት ሲሊንደር ነው። ቁመቱ ከጉልበት ጥቂት ከፍ ይላል፤ የጎኑ ስፋት ከአንድ ስንዝር ጥቂት ያንሳል። ቂጡ ድቡልቡል ስለሆነ ብቻውን አይቆምም፤ እማማም እንደ ጠላ ጋን በማቶት ላይ አስቀምጠው፣ በራሱ ላይ ነጭ ዳንቴል አልብሰውት ነበር። ባለቤታቸው ደግሞ ለበሩ ከተገዛው የተረፈውን አረንጓዴ ቀለም ቀብተውታል። እንግዳ የመጣ ሁሉ የአበባ ማስቀመጫ ይመስለው ነበር።

ባለቤታቸው በምጽዋ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1955 በተቋቋመው በዚያ ኃይል ውስጥ ሥራቸው ከውኃ በታች ገብተው የመርከቦችን ሆድ መመርመር ነበር። ሲሊንደሩ ግን የመንግሥት አልነበረም። አስመራ በሚገኘው በቃኘው የአሜሪካኖች የመገናኛ ጣቢያ ያገለግል የነበረ፣ ለእረፍት ምጽዋ እየወረደ አብሯቸው ይጠልቅ የነበረ አንድ ወታደር ወደ አገሩ ሲመለስ የሰጣቸው ስጦታ ነው። ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው፤ አባ ቃኘው ይባሉ ነበርና። እንግዲህ በራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ የኖረው ሲሊንደር፣ በራስ መኮንን ፈረስ ስም ከተጠራ ሠፈር የመጣ መሆኑ ነው። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1977 ተዘጋ። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከመንግሥት እጅ ስትወጣ፣ ሰውዬው ጥቂት ወራት ቀደም ብለው በሕመም ፈቃድ አዲስ አበባ መጥተው ነበር። ከሻንጣቸው ጋር ይዘውት የመጡት ይህንኑ ነው።

ወዲያው ባሕሩም ራቀ። በግንቦት 1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ ወደብ አልባ ሆነች። ከአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1962 የተገኘችውና «ኢትዮጵያ» የተባለችው የባሕር ኃይሉ ታላቅ መርከብ በ1983ቱ ለውጥ ጊዜ ወደ የመን ሸሽታ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። የአገር ስም የተሸከመች መርከብ በብረትነቷ ከተሸጠች፣ የአንድ መርከበኛ ሲሊንደር ከዚህ የተሻለ ዕድል ይገጥመዋል ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል። ሰውዬው ይህን ዜና ከሰሙ በኋላ ነው ሲሊንደሩን አረንጓዴ የቀቡት ይላሉ እማማ።

እኔም ለመተመን ስቀመጥ በመጀመሪያ ያደረግሁት ምልክቱን ማንበብ ነው። በትከሻው ላይ ያለውን ቀለም በቢላዋ ስፍቀው ፊደልና ቁጥር ብቅ አለ፤ «አይ ሲ ሲ»፣ ቀጥሎ «3ኤኤ»፣ ቀጥሎ «2250»። የመጀመሪያው በዚያ ዘመን የአሜሪካን የየብስ መጓጓዣ ይቆጣጠር የነበረው የመንግሥት ኮሚሽን ምሕፃር ነው። ሁለተኛው ሲሊንደሩ ብየዳ የሌለበት፣ ከጠንካራ ድብልቅ ብረት የተሠራ መሆኑን ያመለክታል። ሦስተኛው ሊሸከም የተፈቀደለት ግፊት ነው፤ በእያንዳንዱ ስኩዌር ኢንች 2250 ፓውንድ፣ ይህም እኛ በየዕለቱ ከምንኖርበት የአየር ግፊት 150 እጥፍ ይበልጣል። በስተጎኑ የተሠራበት ወርና ዓመት አለ፤ 6፣ 62። አጠገቡ የመደመር ምልክት ተመትቷል፤ በተፈቀደው ግፊት ላይ ከመቶ ዐሥር እጅ መጨመር ይቻላል ማለት ነው።

ይህ ዓይነቱ ሲሊንደር በጠላቂዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ፈረንሳዮቹ ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን እ.ኤ.አ. በ1943 ሰው በፈለገው ጥልቀት ልኩን የጠበቀ አየር እንዲስብ የሚያደርገውን መሣሪያ ከሠሩ በኋላ፣ ጠላቂ ከመርከብ በተዘረጋ ጎማ መታሰሩ ቀረ። ኩስቶ እ.ኤ.አ. በ1963 ሰዎችን በባሕር ወለል ላይ በተሠራ ቤት ውስጥ ያሳደረው በዚሁ በቀይ ባሕር፣ በሱዳን ጠረፍ ነው። የእማማ ሲሊንደር የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ባዶውን 13 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ውስጡ 12 ሊትር ውኃ ይይዛል፤ ሲታመቅ ግን ሁለት ሺህ ሊትር ገደማ አየር ይገባበታል። ያን ያህል አየር ራሱ ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ይከብዳል። በዐሥር ሜትር ጥልቀት ተረጋግቶ የሚዋኝ ሰው ለሃምሳ ደቂቃ ያህል ይተነፍሰዋል። ሃምሳ ደቂቃ ሕይወት ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። እንዲህ ያለ ሲሊንደር በአሜሪካ ደንብ በየአምስት ዓመቱ መፈተን አለበት። ፈተናው እንዲህ ነው። ሲሊንደሩ በውኃ ተሞልቶ፣ ውኃ ባለበት ሌላ ጋን ውስጥ ይገባል። ግፊቱ ከተፈቀደለት በላይ፣ ለዚህኛው እስከ 3750፣ ከፍ ይደረጋል። ብረቱ በግፊቱ ጥቂት ያብጣል፤ ሲለቀቅ ወደ ልኩ መመለስ አለበት። ካበጠው ውስጥ ከመቶ ዐሥር እጅ የሚበልጠው ሳይመለስ ከቀረ ይጣላል። በአየር ፋንታ ውኃ የተመረጠው፣ ውኃ ሲታመቅ እጅግ ጥቂት ብቻ ስለሚጠብ፣ ብረቱ ቢቀደድ እንኳ እንደ ቦምብ ስለማይፈነዳ ነው። ፈተናውን ላለፈው አዲስ ወርና ዓመት በትከሻው ላይ ይመታለታል። በእማማ ሲሊንደር ላይ ከተሠራበት ዓመት ሌላ የተመታው ዓመት አንድ ብቻ ነው፤ 67። ከዚያ በኋላ ሃምሳ ሰባት ዓመት ምንም አልተጻፈበትም።

ልብ ይባል። ፈተናው በብረቱ ላይ አንዲት ግራም አይጨምርም። ከፈተናው በፊትም በኋላም ሲሊንደሩ ያው 13 ኪሎ ነው። የሚጨመረው ቃል ነው። አንድ የማናውቀው ሰው አይቼዋለሁ፣ አስጨንቄዋለሁ፣ ይታመናል ሲል የሰጠው ቃል በብረት ላይ ተመታ። ከእንስራ ጋር የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። የተሰነጠቀ እንስራ ውኃ ሲያፈስ ይታያል፤ የደከመ ሲሊንደር ግን እስኪፈነዳ ድረስ ከጠንካራው አይለይም። ስለዚህ የሲሊንደር ዋጋ ግማሹ ብረት፣ ግማሹ እምነት ነው።

የመጀመሪያው ገዢ ቆራሌው ነበር። «ቆርቆሮ ያለው» እያለ ሲጠራ ቃሉ በምላሱ ተጣጥፎ ስም የሆነለት ይህ ነጋዴ፣ የሚገዛውን ወደ መርካቶ፣ ወደ ምናለሽ ተራ ወይም ወደ ብረት አቅላጮች ያደርሳል። ቀለሙንም ዓመቱንም አላየም። ዓይኑ በቀጥታ ወደ አናቱ፣ ወደ መክፈቻው ሄደ። በሚስማር ጫር አድርጎ ከነጩ ንጥር በታች ቢጫው ሲታየው ፈገግ አለ፤ ነሐስ ነዋ! የነሐስ ኪሎ ከብረት ኪሎ እጅግ ይበልጣል። ከዚያ ሲሊንደሩን ከማቶቱ ላይ አንሥቶ በክንዱ መዘነና ዋጋውን ተናገረ። ከአንድ ኪሎ ቡና ዋጋ ብዙም የማይርቅ ነው። ይህ የሚዛን ዋጋ ነው፤ ማታለልም የለበትም።

ሁለተኛው ዋጋ በስልክ መጣ። በአሜሪካ የሚኖረው የእማማ የእህት ልጅ የጠላቂዎችን ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ጠይቆ እንደ ነገረን፣ የዚያ ዘመን ሲሊንደር ዛሬም ፈተናውን እያለፈ የሚያገለግል አለ። አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎችም ይፈልጉታል። ግን ጥያቄ ያበዛሉ። የፋብሪካው ቀለምና ተለጣፊ ምልክት አለ ወይ? መክፈቻው አብሮት የመጣው ነው ወይ? ጥርሱ ቀጥ ያለ ነው ወይስ እየጠበበ የሚሄደው የድሮው ዓይነት? ውስጡ ዝጓል ወይ? እሳት ነክቶት ያውቃል ወይ? ብረቱ ጥንካሬውን ያገኘው በእሳት ስለሆነ፣ ዳግመኛ በኃይለኛ እሳት የተጠበሰ ሲሊንደር መጣል አለበትና። የእማማ ሲሊንደር በቤት ቀለም መቀባቱ ብቻ ለሰብሳቢ የሚሆነውን ዋጋ አወረደው። ፈተናውም ሲቀርበት ዋጋው ተስፋ ብቻ ሆነ። የመላኪያው ሒሳብ ሲታሰብ ደግሞ ከዕቃው በለጠ።

ሦስተኛው የመጣው ደላላ ነው። አብሮት አንድ ወጣት በያጅ ነበር፤ እየዞረ የሚበይድ፣ ትልቁን የኦክስጅን ሲሊንደር በየፎቁ መሸከም የሰለቸው። ትንሹን ሲያይ ዓይኑ በራ። ደላላው የጠራው ዋጋ የቆራሌውን አምስት እጥፍ ነበር፤ ለጭነት መኪናው ኪራይ ተርፎ ለመጋረጃም ይበቃል። ወጣቱ ግን ዓመቱን አይቶ ጥቂት አመነታ። ይኼኔ ደላላው ወደ ጎን ሳበኝና፣ «ጋሼ፣ ይህ ችግር አይደለም። ቁጥር መምቻ ያለው ሰው አውቃለሁ። አዲስ ዓመት እናስመታበትና ቀለም እንቀባዋለን። ማን ያውቃል?» አለኝ።

እኔ ተውኔት ጸሐፊ ነኝ። መድረክ ላይ ውሸት ፈቃድ አለው። የእንጨት ጎራዴ ይገድላል፤ ቀይ ቀለም ደም ይሆናል፤ በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተው ከሀገር ፍቅር ጀምሮ በፒያሳ ዙሪያ የሚደረገው ትርኢት ሁሉ በዚህ ስምምነት ይኖራል። ሲሊንደሩን ለመድረክ ብፈልገው ኖሮ የፈለግሁትን ዓመት በጠመኔ እጽፍበት ነበር። ተመልካቹ ውሸት መሆኑን አውቆ ትኬት ቆርጦ ገብቷልና። በያጁ ግን ትኬት አልቆረጠም። በትከሻው ላይ የሚሸከመውን ነገር አምኖ ነው የሚሸከመው።

ወደ እማማ ተመልሼ ነገሩን እንደሚገባቸው አድርጌ ነገርኋቸው። የጨው ውኃ ጠብታ ገብቶበት እንደ ሆነ ዝገት ብረቱን ከውስጥ ሳስቶት ይሆናል። በዚያ ላይ አየር የሚያምቁ ሞተሮች የዘይት ትንፋሽ ይተዋሉ፤ ንጹሕ ኦክስጅን በከፍተኛ ግፊት ዘይት ሲያገኝ ያለ ክብሪት ይነዳል። ዝገት ሌላም ተንኮል አለው። ብረት የሚዝገው ኦክስጅንን እየበላ ስለሆነ፣ ለዓመታት በተዘጋ እርጥብ ሲሊንደር ውስጥ ያለው አየር ሽታውም ቀለሙም ሳይለወጥ ሕይወት የሚሰጠውን ነገር ያጣል። የተነፈሰው ሰው ምንም ሳይታወቀው ራሱን ይስታል።

እማማ ሁሉንም ሰምተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«እሱ በሕይወት ቢኖር ዛሬ ይተነፍስበት ነበር?»

«ሳያስፈትን አይተነፍስበትም ነበር፣ እማማ።»

«እንግዲያው ለሰው ልጅም አልሰጠውም» አሉ። «እሱን ሁልጊዜ ከባሕር መልሶልኛል። የሌላይቱን ልጅ በዚሁ ልቀብር?»

ደላላው እያጉረመረመ ሄደ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደሚባለው፣ ወጣቱም ጥርጣሬውን ይዞ ተከተለው። ዞር ብሎ ለእማማ ራሱን ዝቅ ሲያደርግ ግን አይቼዋለሁ።

ከዚህ በኋላ በወረቀት ላይ የጻፍሁላቸው ትመና አጭር ነው። ለመተንፈሻ፣ ዋጋ የለውም፤ እስኪፈተን ድረስ። ለመፈተን፣ ወጪው ከሚሸጥበት ይበልጣል። ለብረትነቱ፣ ቆራሌው የጠራው። ነገር ግን በመፈተኛ መንገዶች ውስጥ አንድ የቀረ ነበር። ሲሊንደር መርማሪዎች ብረቱን በቀስታ መታ አድርገው ያዳምጣሉ። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይደውላል፤ ዝገት የበላው ታፍኖ ይቀራል። ይህ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ መነሻ ግን ይሆናል። ዳንቴሉን አንሥቼ በማንኪያ መታሁት። ድምፁ እንደ ቤተ ክርስቲያን መረዋ ጥርት ብሎ ወጣና በባዶው ቤት ውስጥ ዞረ። መጋረጃ የሌለው ቤት ድምፅ ያረዝማል።

አራተኛውን ዋጋ ያገኘነው ከዚያ ድምፅ ነው። በአዲሱ መንደራቸው አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት የመኪና ቸርኬ ሰቅሎ እየደወለ እንደ ነበር የሰማው የጭነት መኪናው ሾፌር ነው። ትምህርት ቤቱ ከቆራሌው ጥቂት ጨምሮ ሊገዛ ተስማማ። ቅድመ ሁኔታው የእማማ ነበር፤ ቂጡ ተቆርጦ እንዲሄድ፣ ማንም ዳግመኛ አየር እንዳይሞላበት።

ከመቆረጡ በፊት መክፈቻው መላላት ነበረበት። ውስጡ ባዶ መሆኑንም ሙሉ መሆኑንም የሚያውቅ አልነበረም። ሠራተኛው ዘይት ጠብ አድርጎበት፣ ከፊቱ ሰው አስወግዶ፣ ቀስ ብሎ አዞረው። አየሩ እንደ እባብ እየተንፏቀቀ መውጣት ጀመረ። ረጅም ጊዜ አልፈጀም፤ አንድ ደቂቃ ቢሞላ ነው። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመው ነበር።

«የምጽዋ አየር ነው» አሉ። «እሱ የሞላው።»

ድምፁ እስኪያልቅ ድረስ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ሠራተኛው ውስጡን በውኃ ሞልቶ ቆረጠው። የተቆረጠውን ቂጥ ቆራሌው በሚዛን ወሰደ፤ ነሐሱንም ጠየቀ። ከሁሉ የሚበልጥ ዋጋ በኪሎ የሚያወጣው እሱ ስለ ነበር ዋጋውን ሁለት ጊዜ ጨመረ። እማማ ግን መክፈቻውን በዳንቴሉ ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። የጭነት መኪናው ኪራይ ተከፈለ፤ ለመጋረጃው አልተረፈም።